የርስት ምስክር፤ በመንዝና በአካባቢው ደጋ የባለመሬትነት ማስረጃና የአስረጂው ኃላፊነት ታሪክ

መሬት ከቦታው አይነቃነቅም። በመሬቱ ላይ ያለው መብት ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሟች ወደ ወራሽ፣ ከሰጭ ወደ ተቀባይ ሲተላለፍ ይኖራል። የመሬቱን ስፋት ለማወቅ ገመድ ወይም መሣሪያ ይዞ መውጣት ይበቃል፤ መብቱ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ግን ያለፈውን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ስለዚህም እርሻ ባለበት አገር ሁሉ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ሲያስፈልግ ኖሯል፤ አንዱ የሚለካ፣ ሁለተኛው የሚመሰክር። የለኪው ሙያ ታሪክ በመሐንዲሶች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል፤ የመስካሪው ግን ብዙ አልተጻፈለትም። ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ የመሬት መብት መስካሪው ማን እንደ ነበረ፣ ሥልጣኑን ከማን እንዳገኘ፣ ሲሳሳትም ማን ይጠየቅ እንደ ነበረ በቅደም ተከተል ይመረምራል።

ነገሩን ለማነጻጸር በመጀመሪያ የውጭውን ዓለም ልምድ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የሽያጭ፣ የውርስና የመያዣ ዕዳ ሰነድ ሁሉ በየአውራጃው መዝገብ ቤት በተራ ሲመዘገብ ኖሯል። ሆኖም መዝገቡ ሰነዱን ያስቀምጣል እንጂ ባለመብቱ ይህ ነው ብሎ አይፈርድም። በመሆኑም ቤት ወይም እርሻ የሚገዛ ሰው፣ ሰነዱን ከመጀመሪያው ባለመሬት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተከታተለ የሚመረምርና ፍሬ ነገሩን አሳጥሮ የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልገዋል። አንዲት የተዘለለች ውርስ ወይም አንድ ያልታየ ዕዳ ገዥውን ከነቤተሰቡ ከቤቱ ልታስወጣው ትችላለች። ስለዚህ እንደ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ነብራስካና ሰሜን ዳኮታ ያሉ ግዛቶች ይህን ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራትን በሕግ ከልክለዋል፤ ፈታኝ ቦርድም አቋቁመዋል። ባለሙያው ይፈተናል፤ ጥፋት ቢፈጽም ተጎጂው የሚካስበት ዋስትና እንዲኖርም ይደረጋል።

ሌላው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1858 ሮበርት ቶረንስ በደቡብ አውስትራሊያ ያስጀመረው ነው። በዚህ ሥርዐት መንግሥት መዝገቡን ከያዘ በኋላ የመዝገቡን እውነተኛነት ራሱ ያረጋግጣል፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ባለመብት ነውና ያለፈውን የሰነድ ሰንሰለት መመርመር አስፈላጊ አይሆንም። እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው ማለት ይቻላል፤ ወይ መስካሪውን መፈተንና ፈቃድ መስጠት፣ ወይ መንግሥት ራሱ መስካሪ መሆን። በሁለቱም ዘንድ ግን አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ ምስክሩ ቢሳሳት የሚጠየቅ ወገን አስቀድሞ ይታወቃል።

በመንዝ የነበረው ሥርዐት ከሁለቱም የተለየ ነበር። በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት አገሩ ማማ፣ ላሎና ጌራ በተባሉ ሦስት አቅኚ አባቶች ስም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ተከፍሏል። ከ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የነጋሢ ክርስቶስ ቤት ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን መንግሥት ሲያቋቁም፣ የአገሬው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ከእነዚህና ከሌሎች አቅኚዎች በተወለደ ትውልድ ቆጥሮ ይይዝ ነበር። ይህም አጽመ ርስት ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው መሬቱ የሟቾች አጥንት ያረፈበት፣ በሕይወት ያለው ሰውም ከዚያ አጥንት በመወለዱ ብቻ የሚጠይቀው ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል የዚህ ሥርዐት ሕግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በባለርስቶች መካከል ዘመን መብትን አይሽርምና።

የርስት ቆጠራ በአባት በኩል ብቻ የሚወርድ አልነበረም። ወንድም ሴትም ይወርሳሉ፤ ጠያቂውም በአባቱ ወይም በእናቱ፣ በወንድ አያቱ ወይም በሴት አያቱ በኩል ወደ አቅኚው መድረስ ይችላል። የዚህን ክብደት ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ ቁጥሩ በየትውልዱ በእጥፍ እያደገ ሄዶ በሰባተኛው ትውልድ 128፣ በዘጠነኛው 512 ይደርሳል። አንድን ትውልድ 30 ዓመት ብናደርገው ዘጠኝ ትውልድ 270 ዓመት ነው፤ ይኸውም ከነጋሢ ክርስቶስ ዘመን እስከ መሬት አዋጁ ድረስ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ በዘመዳሞች አገር ከነዚህ አባቶች ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ናቸው። ቢሆንም በአንዲት ማሳ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጥያቄ ብዛት ከዚህ ይገመታል።

ይህን ሁሉ የተሸከመው የሽማግሌው አእምሮ ነበር። በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የጉልትና የስጦታ ማስታወሻ በአገሪቱ በልዩ ልዩ ስፍራ ይገኛል፤ ተራው ገበሬ ግን ለርስቱ ወረቀት አልነበረውም። ማስረጃው ትውልዱን በቅደም ተከተል የሚቆጥር፣ ወሰኑን በድንጋዩ፣ በወንዙና በዛፉ የሚጠራ፣ ከዚህ በፊት በተደረገው ድልድል ዕጣው ለማን እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሽማግሌ ነበር። ትውልድን ለመቁጠር የሚያስፈልገው ልምምድም በዕለት ኑሮ ውስጥ ነበረ፤ ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደ በመሆኑ፣ ለጋብቻ የተማረውን ቆጠራ ሽማግሌው ለርስትም ያውለዋል።

ነገሩን ለማስረዳት አንዲት የመንዝ ሴት ትታሰብ። ወደ ሌላ ወረዳ ተድራ ከሄደች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ሲሞት ልጆችዋን ይዛ ትመለስና በእናትዋ እናት በኩል የሚደርሳትን መሬት ትጠይቃለች። መሬቱን የያዘው የእናትዋ ያጎት ልጅ ነው፤ እርሱም «አያትሽ ድርሻዋን በጥሎሽ ወስዳ ሄዳለች» ይላታል። የሁለቱ ቤተሰብ እንጀራ በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ሽማግሌው እንደ ኦክላሆማው ባለሙያ ሰንሰለቱን ከአቅኚው ጀምሮ እስከ ጠያቂዋ ድረስ ያወርዳል፤ የተሰበረ ቀለበት ካለም ያመለክታል። ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ማን ፈተነው፣ ዋስትናውስ ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሽማግሌውን የሚፈትነው ጉባኤው ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡት ባለርስቶች መካከል ሌሎችም ቆጣሪዎች ስላሉ፣ አንድ ስም ቢዘለል ወይም ቢጨመር የሚያርም አይጠፋም። ዋስትናው መሐላው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ውግዘትን፣ ከዚያም የሚብሰውን የአገር ትዝብት ያስከትላል፤ አንድ ጊዜ በሐሰት የተያዘ ሽማግሌ ዳግመኛ አይጠራም። በዚህ አኳኋን ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ኅብረተሰቡ ራሱ ነበር።

የዚህ ሥርዐት ብርታት በጓሳ ታይቷል። ጓሳ በጌራ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሣር ምድር ነው። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ ዕቃ ይውላል። በአካባቢው ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚዎች ምድሩን ተካፍለው ለዘሮቻቸው አወረሱት፤ ተጠቃሚ መሆን የሚችለውም ከሁለቱ ከአንዳቸው መወለዱን የሚያስመሰክር ነበር። ቄሮ በተባለው ሥርዐት በባለርስቶች የተመረጡ አለቆች ጓሳውን ለሦስትና ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስም በጋራ ያስከፍቱታል። ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ያለ አንዲት ወረቀት ተለይቶ ይህ ሥርዐት ለምእተ ዓመታት መኖሩ፣ የቃል መዝገብም መዝገብ መሆኑን ያረጋግጣል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ሽማግሌው ራሱ ባለርስት ነው፤ ለሚመሰክርለት ወይም ለሚመሰክርበት ሰው ዘመዱ ነው። ስለዚህ ከዳኝነቱ ጥቅሙ ሊቀድም ይችላል። ጠያቂው ኃይለኛና ባለሥልጣን ሲሆን የትውልዱ ቆጠራ ሲቃናለት፣ ጠያቂዋ መበለት ስትሆን ደግሞ ቆጠራው ሲጠፋባት ታይቷል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም ስንት ትውልድ በአገሩ ቢቀመጡ ከአቅኚው ስላልተወለዱ ብዙውን ጊዜ አይቆጠሩም ነበር። ሙግቱም አያልቅም፤ ከአጥቢያ ዳኛ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በይግባኝ ሲጓዝ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስበት ጊዜ ነበር።

መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ የገባው በግብር በኩል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመካከለኛውና በደቡቡ አገር ቀላድ እየተጣለ መሬቱ በጋሻ ተከፈለ። ቀላዱ 66 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ሲሆን፣ አንድ ጋሻም 40 ሔክታር ያህል ነው። በመንዝና በመሰል የርስት አገሮች ግን የመብቱ መሠረት ትውልድ ሆኖ ቀረ። ግብሩ የሚከፈለው በአለቃና በምንዝር ነበር፤ አለቃው በስሙ ተመዝግቦ ለጠቅላላው መሬት ግብር ያስገባል፣ ምንዝሮቹ ድርሻቸውን ለእርሱ ያዋጣሉ። በዚህም የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስረጃ ተወለደ፤ ይኸውም የግብር ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ግን የሚናገረው ከፋዩን እንጂ ባለመብቱን አይደለም። በአለቃው ስም የተጻፈች ወረቀት ውላ ስታድር የአለቃው ልጅ ብቻውን ባለቤት ነኝ የሚልባት መሣሪያ ሆነች። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው የዚያን ዘመን የመሬትና የግብር ደንብ ሰብስበው ማቆየታቸው ለታሪኩ ትልቅ ውለታ ነው።

ከ1953 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ችግር ለመፍታት አስቦ ነበር። በአንቀጽ 1168 አሥራ አምስት ዓመት ያለማቋረጥ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንዲሆን ሲፈቅድ፣ በልማድ የአንድ ቤተሰብ የጋራ ሀብት በሆነው መሬት ላይ ግን የቤተሰቡ አባል በዚህ መንገድ ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። በዚህም የመንዟን ሴት ጥያቄ ከአለቃው ልጅ ደረሰኝ ጠበቀላት። ሕጉ ከአንቀጽ 1553 እስከ 1646 ድረስ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ደነገገ። ነገር ግን በአንቀጽ 3363 እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ እስኪነገር ድረስ እንዳይሠራባቸው አደረገ። ያ ቀን ሳይነገር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አለፈ። በዘመኑ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ ለመሬት ሰው እጅግ አስፈላጊ የነበረው ክፍል በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

መዝገቡ ያልተከፈተበት ምክንያት የገንዘብና የባለሙያ እጥረት ብቻ አይመስልም። በርስት አገር ልኬት ማለት ርስትን መንጠቅ ነው የሚል ሥጋት ሥር ሰዶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ለማስፈጸም የተላኩ ገማቾች ያጋጠማቸው የትጥቅ ዐመፅ የዚሁ ምስክር ነው። ገበሬው የጠላው ገመዱን ሳይሆን፣ ገመዱን የያዘው ሰው ትውልዱን ሳይጠይቅ ወሰን መትከሉን ነው። ለኪውና መስካሪው ተለያይተው የመጡ ዕለት ልኬቱ እምነት አጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ስፋት ባለው ክልል የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ የመሬት ክርክርንም ለማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሰጠ። በርስት አገር ደግሞ ገበሬው በእጁ ይዞ የሚያርሰውን እንዲጠቀምበት ደነገገ። በዚህ ድንጋጌ የትውልድ ቆጠራ ከማስረጃነት ወጣ። ጭሰኛና ባለእጅ ይህ አዋጅ ነጻ አወጣቸው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። በሌላው ወገን በዚያ ቀን መሬቱ በእጇ ያልነበረችው የመንዟ ሴት የሽማግሌውን ምስክርነት ብታመጣም የሚሰማት ሕግ አልነበረም። ጓሳም እንደዚሁ ሆነ፤ የቄሮ አለቆች ሥልጣናቸውን ሲያጡ ጥበቃው ላላ፣ ሣሩም ያለወቅቱ ይታጨድ ጀመር። ኅብረተሰቡ ውሎ አድሮ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥም አጸና። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው ድልድል ግን ያለፈው ታሪክ ባልተጠበቀ መልክ ተመልሶ መጣ። አንዳንዱ ገበሬ በቀደሙት መንግሥታት ይዞት በነበረው ሹመት «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» ተብሎ ተመዘገበና ከሌላው ያነሰ መሬት ደረሰው። በፊት «አያትህ ማን ነው?» ይባል የነበረው «በማን ጊዜ ምን ነበርህ?» በሚል ተተካ። መስካሪው ጎረቤት፣ መዝጋቢው ኮሚቴ ነበር፤ ለስሕተቱ የሚጠየቅ ግን በግልጽ አልተለየም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ታላቅ እርምጃ ነው። ነዋሪዎች የመረጡት የቀበሌ ኮሚቴ ከማሳ ማሳ እየዞረ፣ አዋሳኞች በተገኙበት፣ የእያንዳንዱን ይዞታ ወሰን በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ጻፈ፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ታይቶ አቤቱታ ከተሰማ በኋላ ደብተር ተሰጠ። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት በደብተሩ ላይ ሰፈረ። ያች የመንዝ ሴት የልጅ ልጅዋ በሕይወት ብትኖር፣ በቤተሰቡ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሬት ወረቀት ላይ ፊትዋ የታየ ሴት እርስዋ ትሆናለች። ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት መሣሪያ እየተደገፈ ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ሰጠ። በከተማም አዋጅ ቁጥር 818/2006 የይዞታ ማረጋገጫና ምዝገባ ሥርዐት ዘረጋ።

እንግዲህ ልኬቱ ደረሰ። ምስክርነቱስ? መሬት ባይሸጥም ይከራያል፣ ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል። ደብተሩ ከተጻፈበት ቀን በኋላ የሞተው፣ የተፋታው፣ ለልጁ ያካፈለው፣ ለዓመታት ያከራየው ሁሉ በመዝገቡ ካልገባ፣ መዝገቡ በየዓመቱ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ወረቀቱንና ኑሮውን የሚያገናዝብ ሰው እንደገና ያስፈልጋል። በአሁኑ ሕግ በፍርድ ቤት ስለ መሬት የሚከራከር ጠበቃ የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው ግድ ነው፤ ውል የሚያረጋግጠውም መሥሪያ ቤት በአዋጅ የተቋቋመ ነው። ሰንሰለቱን ከሥሩ መርምሮ «ባለመብቱ ይህ ነው» ብሎ ለተዋዋዩ የሚያስረዳው ሰው ሥራ ግን በደላላ፣ በጉዳይ አስፈጻሚና በጎረቤት ወሬ ተከፋፍሎ ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ ለዚህ ሥራ አልተፈተኑም፤ በመሐላም አልተያዙም።

ይህ ክፍተት የሕግ ሰዎች ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ ወይም ቀያሹ የተከለው ችንካር እስከ ሳንቲ ሜትር ድረስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በተሳሳተ ሰው ስም የተሠራ ትክክለኛ ካርታ ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። ከመንዝ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሽማግሌውን ወደ ዛፉ ጥላ መመለስ ይገባል የሚል አይደለም፤ ወገንተኛነቱና የዘለላቸው ሰዎች ብዛት ከላይ ተገልጿል። ትምህርቱ ሽማግሌው የነበሩትን ሦስት ነገሮች መዘርዘር ነው፤ ዕውቀቱን የሚያርሙ ሌሎች ዐዋቂዎች በፊቱ ተቀምጠው ነበር፣ ቃሉን በስሙ ይሰጥ ነበር፣ ቢዋሽም ዳግመኛ አይጠራም ነበር። የፈተና ቦርድ፣ ፊርማና የፈቃድ መሰረዝ በሌላ አገር ቋንቋ የእነዚሁ የሦስቱ ስሞች ናቸው።

ዛሬ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ አንድ ወራሽ የአባቱን ደብተር ይዞ ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲገባ፣ በጠረጴዛው ማዶ ያለው ሠራተኛ በእጁ ካርታና ቁጥር አለው። ወራሾቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው ተድራ የሄደች እኅት መኖር አለመኖርዋን ካርታው አይነግረውም። ያን የሚያጣራው ማን እንደሆነ፣ በምን ዕውቀት እንደሚያጣራ፣ ቢሳሳትም በምን እንደሚጠየቅ በግልጽ የተጻፈ ዕለት፣ በ1953 ዓ.ም. ቀኑ ይነገራል ተብሎ የቀረው መዝገብ በእርግጥ ተከፈተ ማለት ይቻላል።